ፈረሱ እንደሚሰናከል ለምታውቁ ሁሉ

ለፈረሱ ባለቤት፣ ለአጃቢ ሚዜዎቹ፣ ለቪዲዮ አንሺው፣ ለከተማችን የመንገድና የእንስሳት ጤና ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ለቅሶ ልትደርሱ መጥታችሁ «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ነው» ላላችሁኝ ዘመድ ወዳጆች፤

የታናሽ ወንድሜ ዐርባ ወጥቷል። ድንኳኑ ፈርሷል፣ የዕድሩ ወንበርና ድስት ተመልሷል። እናቴም ጥቁሯን እንደለበሰች ወደ ጓሮዋ ወጥታ ጎመኗን መኮትኮት ጀምራለች። በለቅሶ ቤት ሙግት ነውር ስለሆነ እስካሁን ዝም ብያለሁ። አንዱ «ዓይን በላው» ሲል፣ ሌላው «ፈረሱ ጋኔን አይቶ ነው የደነገጠው» ሲል፣ ከወንዶቹ በኩል ደግሞ «እንቅፋት ነው እንግዲህ፣ ማን ይከሰሳል?» የሚል ድምፅ ሲመጣ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሰማሁ። አሁን ተራው የእኔ ነው።

የሆነውን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። የጥር ሰርግ ነበር። ወንድሜ ሚዜ ሆኖ ከሙሽራው መኪና ፊት ፊት በተከራየው ዳማ ፈረስ ይሄድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው የኮብልስቶን ቁልቁለት ላይ ሲደርስ የፈረሱ ግራ የፊት እግር ጫፉ ድንጋይ ነካ፤ ፈረሱ በሁለት ጉልበቱ ተደፋ፤ ወንድሜ በአንገቱ ላይ አልፎ በጭንቅላቱ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ወደቀ። ሪፈር ወደተባለበት ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ። ከዚህ በላይ አልተርክም። ስልካችሁ ላይ ያለውን ቪዲዮ ግን አጥፉልኝ። እናቴ አንድ ቀን የሆነ ልጅ ስልክ ላይ ታየዋለች ብዬ እፈራለሁ።

ከቀብሩ በኋላ ፈረሱን ለማየት ሄድኩ። ልረግመው አልነበረም። እንስሳ ምን ያውቃል? ያቺ ወንድሜ በመጨረሻ የተቀመጠባት ጀርባ ምን እንደምትመስል ማወቅ ፈልጌ ነው። ከባለቤቱ ግቢ ጀርባ፣ ከጭድ ክምሩ አጠገብ በአጭር ገመድ ታስሮ አገኘሁት። ሁለቱም ጉልበቶቹ ተልጠዋል፣ ዝንብ ወሯቸዋል። ዝንቡን እሽ ብዬ ጎንበስ ስል ከአዲሱ ቁስል ሥር ሌላ ነገር አየሁ፤ ፀጉር የማያበቅል፣ የጠነከረ፣ አመድማ የሆነ ቆዳ። የድሮ ጠባሳ ነው። በቀኝ ጉልበቱም በግራውም።

ጋሼ፣ የፈረሱ ባለቤት፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያ ጠባሳ ምክንያት ነው። ከሁሉ አስቀድሜም የምጽፈው ለእርስዎ ነው።

ማንኛውም ፈረስ አንድ ቀን ይደናቀፋል። ጉድጓድ ይገባል፣ ሥር ይጠልፈዋል፣ ጭቃ ያንሸራትተዋል። ይህን ማንም አይክድም። በፈረስ ገበያ ያደጉ አባቶቻችን ግን ጥርስ ከመቁጠራቸው በፊት ጉልበት ያዩ ነበር። አያቴ የሚገዛውን ፈረስ ቆሞ አያደንቅም ነበር፤ ቁጢጥ ብሎ የፊት ጉልበቱን በመዳፉ ይዳብሳል፣ ጠባሳ ካገኘ ዋጋ ሳይጠይቅ ይነሣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቆሞ ያለ ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ የሚሆነውን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ሸክሙ ይብሳል። ስለዚህ የሚሰናከል ፈረስ የሚወድቀው በጉልበቱ ነው። በሁለቱም ጉልበቱ ላይ ያረጀ ጠባሳ ያለው ፈረስ ስለ ራሱ ምስክርነቱን ጽፎ ጨርሷል። እርስዎ ያንን ፈረስ ገዝተው፣ ወይም በእጅዎ ላይ እያለ ሲወድቅ አይተው፣ ቀይ ግላስ አልብሰው፣ ጋማውን በሪባን ጎንጉነው ለሰርግ አከራዩት።

ከዚያ በኋላ ሰኮናውን አየሁ። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ይዤ ተመለስኩ። ያ ሰው ብዙ አልተናገረም። የፊት ግራ እግሩን አንሥቶ፣ በቢላ ጭቃውን ፈቅፍቆ፣ እንዳሸት ወደ አፍንጫዬ አስጠጋው። ይሸታል። የሰኮናው ሥር መሀል ላይ ያለው ለስላሳ ክፍል ጠቁሮ በስብሷል። በፋንድያና በሽንት ውስጥ ታስሮ የሚውል ፈረስ እንዲህ ይሆናል አለኝ። ቀጥሎ እግሩን መሬት አሳርፎ ከጎን እንዳየው አደረገኝ። የሰኮናው ፊት እንደ አሮጌ ጫማ አፍንጫ ወደፊት ረዝሟል፣ ተረከዙ ደግሞ ወደ መሬት ዘቅጧል።

ይህን ሁሉ ለምን እዘረዝራለሁ? ከእናንተ መካከል «ሰኮና ረዘመ ብሎ ሰው ይሞታል?» የሚል እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። ይሞታል። የፈረስ ሰኮና በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ሜዳ ላይ ተሰማርቶ ሲራመድ የሚውል ፈረስ ሰኮናውን መሬቱ ራሱ ይሞርድለታል፤ ከሰርግ እስከ ሰርግ ታስሮ የሚቆም ፈረስ ግን ሰው ካልከረከመለት የሚሞርድለት የለም። ሙያው ያላቸው ሰዎች ቢበዛ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይከረከም የሚሉት ለዚህ ነው። ፈረስ እግሩን ከመሬት ሲያነሣ የሚነሣው በሰኮናው ጫፍ ላይ ዞሮ ነው። ጫፉ በረዘመ ቁጥር እግሩ ከመሬት ለመላቀቅ ይዘገያል፣ ከኋላ ያለው ጅማት ያለ ልክ ይወጠራል፣ የዘገየውም እግር ወደፊት ሲወረወር ከመሬት ብዙ ከፍ አይልም። ለስላሳ ሣር ላይ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ከወለሉ ጣት የሚያህል ወጣ ያለ ድንጋይ ባለበት ቁልቁለት ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል።

ይባስ ብሎ ዳማው ተረከዙን ያመዋል። ሰውየው ፈረሱን ቀስ ብሎ እንዲራመድ አድርጎ እግሩን እንዳይ አዘዘኝ። ደህና ፈረስ ሲረግጥ መጀመሪያ ተረከዙን፣ ወይም ሙሉ ሰኮናውን አንድ ላይ ያሳርፋል። ዳማው ግን ጫፉን እያስቀደመ እሾህ ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። ሕመሙ ከብስባሴው ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ሊከፋ ይችላል። ሰኮናው ውስጥ በስተኋላ፣ ከትልቁ ጅማት ሥር የተሸጎጠች ትንሽ አጥንት አለች። ጠንካራ መንገድ ላይ ለዓመታት የተቀጠቀጠ ፈረስ እሷና ዙሪያዋ ሲጎዱበት ተረከዙን ማሳረፍ ይተዋል። ተረከዙን የሚሸሽ ፈረስ በጫፉ ይሄዳል፤ በጫፉ የሚሄድ ፈረስ ይሰናከላል። ይህ ምሥጢር አይደለም፤ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚማር ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ልብ ይበሉልኝ፤ እርስዎ አላወቅሁም ማለት አይችሉም። የዳማው ግራ ትከሻ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ፣ ጎን ለጎን የተደረደረ የጠባሳ መስመር አለ። ይህ ፈረስ ያነክስ ነበር ማለት ነው። አንድ ሰው ማንከሱን አይቶ፣ ብረት አግሎ፣ ትከሻውን አቃጥሎታል። ሕመሙ ግን ትከሻው ላይ አልነበረም። በፊት እግሩ የሚያነክስ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ሰኮናው ውስጥ ነው። ሐኪም ቢያየው ሰኮናውን በመቆንጠጫ እየተጫነ የትኛው ቦታ እንደሚያመው ይለይ ነበር፤ ካልተለየም እግሩን በመርፌ አደንዝዞ ማንከሱ ይጠፋ እንደሆነ ያይ ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የተቃጠለ ቆዳ ቀለለ። የተቃጠለውም ቆዳ በግላስ ተሸፈነ።

እዚያው ግቢ ውስጥ ፈረሱን የሚቀልበው ልጅ ቆሞ ያየን ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ እንጀራው እርስዎ እጅ ላይ ነው። «ቁልቁለት ላይ ሁልጊዜ ይደፋል፣ ነግሬያቸው ነበር» አለኝ። ለማን እንደነገረ አልጠየቅሁትም። ያ ልጅ ከዐሥራ ሦስት ዓመት አይበልጥም፤ ከሁላችሁ አስቀድሞ እውነቱን የተናገረው ግን እሱ ነው።

ስለ ገብሱም ልናገር። የጥር ሰርግ ሲቃረብ ፈረሱ ወዝ እንዲኖረው ተብሎ ለወራት ጭድ ሲበላ የከረመ ፈረስ ድንገት በገብስ ይሞላል። ድሮም ለጉግስና ለበዓል እንዲህ ይደረግ ነበር ትሉኛላችሁ። ድሮ ግን ገብሱ የሚጨመረው ቀስ በቀስ ነበር፤ ፈረሱም ሜዳ ላይ ይውላል። በጭድ ብቻ የከረመ ፈረስ በአንድ ጊዜ ብዙ እህል ሲበላ ሆዱ ብቻ አይደለም የሚታወከው፤ ሰኮናው ውስጥ አጥንቱን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ የያዘው ሕብረ ሕዋስ ይቆጣል። ሰኮናው ይግላል፣ ፈረሱ ወደኋላ ተደግፎ ይቆማል፣ መራመድ ያስፈራዋል። ከዚህ ሕመም ያገገመ የሚመስለው ፈረስም ሰኮናው ላይ ዙሪያውን ቀለበት ቀለበት ይሠራል። የዳማው ሰኮና ላይ እንዲህ ያለ ቀለበት አለ። ስንት ዓመቱ እንደሆነ አላውቅም፤ መኖሩን ግን በጣቴ ዳስሼ አረጋግጫለሁ።

ወደ ኮርቻው ስመጣ የምናገረው ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለሚዜዎቹም ነው። ኮርቻው ውብ ነው፣ በቆዳ የተለበጠ፣ በብር የተጌጠ። ሥሩ ግን የእንጨቱ አጥንት ወጥቷል፤ ዳማው ትከሻው ላይ፣ ጋማው ከሚያልቅበት በታች፣ የደረቀ ገጣባ አለው። ኮርቻው ትከሻውን የሚወጋው ፈረስ እግሩን ወደፊት አርቆ አይዘረጋም፤ አጭር አጭሩን ይረግጣል፣ ጀርባውን ያደነድናል፣ አንገቱን ይሰቅላል። ክብደቱንም አስቡ። የእኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው፤ 220 እና 250 ኪሎ የሚመዝነው ብዙ ነው። ሙያተኞች ጋላቢውና ኮርቻው አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ አካባቢ ባይበልጡ ይመርጣሉ። ወንድሜ ቁመተ ረጅም ነበር። ከኮርቻው ጋር ዳማው ከሚገባው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የሰላሌ ፈረስ፣ የአዊ ፈረስ ከዚያ የሚበልጥ ሲሸከም ኖሯል ትሉኝ ይሆናል። ኖሯል፤ ጤነኛ ሆኖ፣ ለአጭር መንገድ፣ በሚያውቀው መሬት፣ ከልጅነቱ አብሮት ባደገ ሰው ሥር ሆኖ። ዳማው ግን በዚያ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ከሁለት ሰርግ መጥቶ ሦስተኛው ላይ ነበር። የደከመ ፈረስ እግሩን ለማንሣት ይሰንፋል፤ የሰው ልጅም ሲደክመው ደረጃ ላይ የሚደናቀፈው ለዚህ ነው።

ሚዜዎች፣ ወንድሞቼ፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የወንድሜን አስከሬን ተሸክማችኋል፣ እኔም አለቀስኩባችሁ። ግን ልጓሙን አሳጥራችሁ ይዛችሁ የፈረሱን አንገት ወደ ላይ ያሰቀላችሁት እናንተ ናችሁ። «ኮራ ይበል፣ ፎቶ ላይ ያምራል» ብላችሁ። ፈረስ ከግንባሩ ፊት ለፊት በቅርብ ያለውንና ከአፍንጫው ሥር ያለውን ነገር አያይም፤ ለማየት አንገቱን ማንቀሳቀስ አለበት። አንገቱን የምትሰቅሉበት ፈረስ የሚረግጠውን አያይም። ሚዛኑን የሚጠብቀውም በአንገቱ ነው፤ ሲሰናከል ራሱን ወደ ታች ወርውሮ ነው የሚድነው። ዳማው ተሰናክሎ ራሱን ሊያድን ሲል ዛቡ ያዘው። ወንድሜም ፈርቶ ነው የጎተተው፤ ግልቢያ የተማረ ሰው አልነበረም። በአንድ ቀን የሚማሩት ነገር አይደለም፤ ግን ከመውጣቱ በፊት «ሲደናቀፍ ዛቡን ልቀቅለት» የሚል አንድ ሰው አልነበረም?

ቪዲዮ አንሺው፤ አንተን በስም አውቅሃለሁ፣ አልጽፈውም። ድሮንህ ከላይ እያዞረች ሳለ «አንዴ ደግሞ፣ ሽምጥ» ያልከው አንተ ነህ። ከመጀመሪያው ግልቢያ ፈረሱ አረፋ ደፍቆ ተመልሶ ነበር። ሁለተኛው ግልቢያ ለአንተ ነበር። ሙሽሮቹ ያንን ሰርግ እስከ ዛሬ በቪዲዮ አላዩትም፤ የሙሽራው እናት ነግራኛለች።

የከተማችን መንገድ ሥራ ሰዎች ላይ ብዙ አልቆይም። ኮብልስቶን ብዙ ወጣት ሥራ ያገኘበት ነው፤ ክረምት ላይ በጭቃ የምንሰምጥበትን ዘመን ረስቼ አልከስሳችሁም። ነገር ግን ድንጋዩ በመኪና ጎማ እየተላገ መስታወት ሲሆን፣ ቁልቁለቱ ላይ ጎርፍ ከሥሩ አሸዋውን ሲወስደው፣ አንዱ ድንጋይ ዘቅጦ አንዱ ወጥቶ ሲቀር መልሳችሁ አላያችሁትም። ፈረስ የሚሄድበት፣ በቅሎ የሚያልፍበት፣ ጋሪ የሚወጣበት መንገድ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከዳር አንዲት ሜትር አፈር ብትተዉለት ኖሮ ፈረሱ ራሱ አፈሩን ይመርጥ ነበር።

የእንስሳት ጤና ቢሮው ግን ሌላ ነገር ነው። ሄጄ ነበር። የከብት ክትባት ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ የዶሮው አለ፣ የበጉ አለ። የፈረስ የለም። «ፈረስ አይበላም፣ አይታለብም፤ በጀት ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው» አሉኝ፤ በቅንነት ነው ያሉኝ፣ አልጠላኋቸውም። አገራችን ግን 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ ያላት አገር ናት፤ በአፍሪካ ብዙ ፈረስ ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ይህን ሁሉ ፈረስ የሚያይ ሰው በየወረዳው አንድ አይገኝም። ሰኮና መከርከም የሚያውቅ ባለሙያ በጣት የሚቆጠር ነው።

መሰናከል ደግሞ ሁልጊዜ ሰኮና አይደለም፤ ለዚህ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው። በአርሲና በባሌ ደጋ ፈረስና ባዝራ ሲገናኙ የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ፈረሱን እያከሳ ቆይቶ የኋላ እግሩን ያልፈሰፍሰዋል፣ ሲሄድ ይወላገዳል፣ በመጨረሻም ተኝቶ ይቀራል። እርጥበት ባለባቸው ወይና ደጋ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃ ፈንገስ አለ፤ እግራቸው ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እብጠት አውጥቶ፣ አፍርጦ፣ መገጣጠሚያቸውን ያሳብጠዋል። የአንገት አጥንቱ ሠረሠሩን የተጫነው ፈረስም አለ፤ እንዲህ ያለው ሲራመድ ጭራውን ወደ ጎን ቢጎትቱት ራሱን መቆጣጠር አቅቶት ይንገዳገዳል፣ በጠባብ ክብ ቢያዞሩት እግሩን በእግሩ ይረግጣል። ያበደ ውሻ የነከሰው ፈረስም ከመሞቱ በፊት ይሰናከላል፤ ያን ጊዜ አደጋው ለጋላቢው ብቻ ሳይሆን አፉን ከፍቶ ለሚያየው ሁሉ ነው። ዓይኑ የደከመ ፈረስም ይሰናከላል፤ አንድ ዓይኑ በተደጋጋሚ እየተቆጣ የሚያለቅስ ፈረስ ቆይቶ እንደሚታወር ጋሪ ነጂዎች ራሳቸው ያውቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ ይታከማል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያለበት ፈረስ ላይ ከዚያ ወዲያ ማንም መቀመጥ የለበትም። ያንን የሚለየው ብረት አግሎ የሚተኩስ ሰው አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጉዳዩ የራቀ ቢመስልም። እኛ በፈረስ የምንኮራ ሕዝብ ነን። ንጉሥና ጀግና ስንጠራ በፈረሱ ስም እንጠራለን፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኛው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ ብለናል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን አደባባይ ይወጣል፤ የዓድዋን ፈረስ ያስታውሳል። አራዳ ላይ ምኒልክን በፈረስ ላይ አቁመናል። ሙሾ አውራጆቻችንም ሟች ጀግና ሲሆን ፈረሱን እያነሱ ያለቅሳሉ። ለዚህ ሁሉ ክብር የበቃውን እንስሳ ግን ሰኮናውን በአግባቡ የሚከረክምለት ሰው የለም። ሲደክም ለጋሪ ይሸጣል፤ ጋሪውን መጎተት ሲያቅተው ከከተማ ዳር ይለቀቃል። ሌሊት ጅብ የሚጮህበትን አቅጣጫ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህን የምለው የበዓሉን ፈረሰኞች ለመንቀፍ አይደለም፤ ብዙዎቹ ፈረሳቸውን ከልጃቸው እኩል የሚያዩ ናቸው። ጋሼ፣ የምለው እርስዎ በእነሱ ክብር ውስጥ ተደብቀው ስለሚያከራዩ ነው።

ሕግም ጠየቅሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ያነበበልኝ ሰው ሌላ አንቀጽ አሳየኝ፤ እንስሳውን ተከራይቶ ወይም ተውሶ ለራሱ የተጠቀመበት ሰው በእጁ ሳለ ለሚደርሰው ጉዳት እሱም ኃላፊ ይሆናል። ያ ማለት ወንድሜ ለዚያች ሰዓት የፈረሱ ጠባቂ እሱ ራሱ ነበር። የሚከራከር ጠበቃ ይህን እንደሚያነሣ ነገረኝ። ጋሼ፣ እርስዎም ይህን ሳይነግሩዎት አልቀሩም፤ ሽማግሌ የላኩት ወዲያው አልነበረምና።

ሽማግሌዎቹን አክብሬ ተቀብያለሁ። ይዘውት የመጡትን ገንዘብ እናቴ አልነካችውም፤ መደርደሪያው ላይ በላስቲክ እንደታሠረ ነው። መልሳችሁ ውሰዱት ብላ አሳፍራ ልትልካቸው አልፈለገችም፤ መንካትም አልቻለችም። እኔ የምፈልገውን ከመናገሬ በፊት ግን ይህን ይወቁ። ባለፈው ሳምንት ዳማውን በሌላ ሰርግ ላይ አየሁት። ጉልበቱ ደርቆለታል፣ ግላሱ ተቀይሯል። ሚዜው የማላውቀው ልጅ ነው፣ እየሳቀ ነበር። ከመንገዱ ዳር ቆሜ ልጮህ አልቻልኩም፤ ሰርግ ነው፣ እኔ ጥቁር ለብሻለሁ። በማግስቱ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ገንዘቡን ይውሰዱት፤ የሚከፍሉበት ነገር ግን አለ። ዳማውን ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ሰኮናው ይከርከም፣ ብስባሴው ይጸዳ፣ ሕመሙ ይለይ። ሐኪሙ ይድናል ካለ ገንዘቡን ለማረፊያው ያውሉት፤ ሕመሙ የማይድን ከሆነ ደግሞ ወደ ቆላ ወስደው ለጋሪ አይሽጡት፣ በሌላ ስም ለሌላ ከተማ አያሳልፉት። የሚያሳርፍበት መስክ ካጡ የእናቴ ቀዬ አለ። ለፈረሱ ቀላቢ ልጅ ደግሞ ፈረስ ሲያነክስ ይህ ፈረስ ዛሬ አይከራይም የማለት ሥልጣን ይስጡት፤ ሲል ደግሞ ይስሙት።

ሚዜ የምትሆኑ ልጆች፣ በዚህ በጥርና በሚያዝያ ፈረስ የምትከራዩ፤ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ቁጢጥ ብላችሁ ጉልበቱን ዳብሱ። ሰኮናውን አንሥታችሁ አሽቱ። ቀስ ብሎ ሲራመድ ጫፉን አስቀድሞ እንደሚረግጥ እዩ። ግላሱን ገልጣችሁ ገጣባ እንዳለው ተመልከቱ። አከራዩ ከተቆጣ ተዉት፣ በእግራችሁ ሂዱ፤ ሙሽራው አይቀየማችሁም።

የእንስሳት ጤና ቢሮ ኃላፊዎች፤ ለሰርግና ለበዓል የሚከራይ ፈረስ ሁሉ ከወቅቱ በፊት በባለሙያ ታይቶ ወረቀት እንዲኖረው በጽሑፍ ጠይቄአችኋለሁ። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቷል፣ ማኅተም ተደርጎበታል። መልሱን በአካል መጥቼ እጠይቃለሁ፤ ካልተመለሰም በሚቀጥለው ጥር በር ላይ ታገኙኛላችሁ።

የሟች እህት